ለእንግዳ የእንግሊዝኛ ቃል ቤት መምቻ እንዴት ይገኛል?

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉት ካፌዎች ስልኩ ላይ አቀርቅሮ በእንግሊዝኛ ስንኝ የሚቆጥር ወጣት አይጠፋም። ራፕ የሚጽፍ አለ፤ ለትምህርት ቤት መድረክ የሚያዘጋጅ አለ፤ ለማስታወቂያ ሁለት መስመር የታዘዘም አለ። ብዙዎቹ የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የስንኙ መጨረሻ ላይ ያልተለመደ ቃል ይገባና ጓደኛ ያጣል። ያኔ ኢንተርኔት ላይ ካገኙት ዝርዝር የመጀመሪያውን ቃል ያነሣሉ። ቃሉ ወይ ቤት አይመታም፣ ወይ ትርጉሙ ግጥሙን ያበላሸዋል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለአንድ አስቸጋሪ ቃል ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስልክ፣ ማዳመጫ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። ደብተሩ ላይ 4 ዓምድ ያስምሩ፦ ቃሉ፣ ጭራው፣ የተገኙት ጓደኞች፣ የእያንዳንዱ ትርጉም። «ጭራ» ያልነውን ከመግለጻችን በፊት ግን ጆሮን ማስተካከል ይቀድማል።

ቤቱ የሚመታው የት ጋ ነው

በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ የመጨረሻ ፊደል ነው። «መጣ» እና «ወጣ» በ«ጣ» ይገናኛሉ፤ «ከተማ» እና «ጫማ» በ«ማ»። ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ነው። መጨረሻው ሳድስ ሲሆን ደግሞ ጆሯችን ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ጭምር ይጠይቃል፤ «ቤት» ከ«ሌሊት» ይልቅ ከ«ሴት» ጋር የሚጥመው ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ጫና ያረፈበትን፣ ማለትም ጎላ ብሎ የሚባለውን፣ የመጨረሻ አናባቢ ይፈልጉ፤ ከእሱ እስከ ቃሉ ጫፍ ያለው ድምፅ በሙሉ አንድ መሆን አለበት። ከአናባቢው ቀድሞ ያለው ተነባቢ ግን የግድ መለያየት አለበት። ከተማን፣ «ሲቲ»ን፣ ከውበት፣ ከ«ቢውቲ» ጋር ያጋጠመ ሰው በአማርኛ ሕግ ትክክል ነው፣ «ቲ» በ«ቲ» ተመትቷል። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ምንም አልተመታም፤ የአንዱ ጫና «ሲ» ላይ፣ የሌላው «ቢው» ላይ ነውና። የ«ሲቲ» ትክክለኛ ጓደኛ «ፒቲ» ነው፣ ኀዘኔታ። ውበትን አልተውም ያለም «ፕሪቲ» አለለት።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። «ሊቭ» ማለት መሄድ፣ «ቢሊቭ» ማለት ማመን። ለእኛ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ለእነሱ ግን ጫና ባለበት ክፍለ ቃል ላይ «ሊቭ» ከ«ሊቭ» ጋር ስለሆነ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ እንደ መድገም ነው። «ግሪቭ»፣ ማዘን፣ ወይም «ሪሲቭ»፣ መቀበል፣ ይሻላል።

ጫና ስንል ማጥበቅ ማለታችን አይደለም። የልደቱን «ገና» «ገና አልመጣም» ከሚለው የሚለየው ጥብቀት ነው፤ የሚረገጠው ተነባቢው ነው። የእንግሊዝኛ ጫና አናባቢ ላይ ያርፋል፤ ያ ክፍለ ቃል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ይረዝማል፣ ይጎላል፣ ቃናውም ከፍ ይላል። ቦታው ሲቀየር ቃሉም ይቀየራል። «ሪኮርድ» መጨረሻው ላይ ሲጫኑት ግስ ነው፣ መቅዳት፤ ከ«ሎርድ» ጋር ቤት ይመታል። መጀመሪያው ላይ ሲጫኑት ስም ነው፣ መዝገብ ወይም ሸክላ፤ በአሜሪካኖች አነጋገር ጓደኛው «ቼከርድ» ይሆናል፣ ዳማ ዳማ የሆነ ጨርቅ የሚጠራበት።

ድምፁን መያዝ

የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት በድረ ገጹ ላይ የእንግሊዝንና የአሜሪካን አነባበብ በሁለት ቁልፍ ለየብቻ በነፃ ያሰማል። እያንዳንዱን 3 ጊዜ ያዳምጡ፤ ከዚያ ዓይንዎን ከጽሑፉ አንሥተው ራስዎ ይበሉት። ከቃሉ ጎን ባለው የድምፅ ጽሕፈት ውስጥ ከመስመሩ ከፍ ብላ የቆመች ትንሽ ጭረት አለች። ጫና ያለበት ክፍለ ቃል ከእሷ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከእሷ በፊት ያለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ያ ስህተት ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ወደ ታች ዝቅ ያለች ጭረት ካለች ሁለተኛ ደረጃ ጫና ናት፤ ኋላ ስለምትፈለግ ይመዝግቧት።

ከሁለቱ እንግሊዝኛ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው አይልቀቁ። ለካፌ የሚጻፍ ስንኝ በ«ማኪያቶ» አለቀ እንበል። በእንግሊዝኛ የጫናው ቦታ «ያ» ነው። የለንደን ሰው ቲማቲምን «ቶማቶ» ስለሚል ሁለቱ ለእሱ ይገጥማሉ። አሜሪካዊው «ቶሜቶ» ስለሚል ለእሱ ቲማቲም የሚገጥመው ከድንች፣ ከ«ፖቴቶ» ጋር ነው፤ ማኪያቶው ብቻውን ይቀራል። በሁለቱም አገር የሚሠራው «ስታካቶ» ነው፣ በሙዚቃ ድምፆችን አሳጥሮና ነጣጥሎ መጫወት። «ክላርክ» እና «ክለርክ» ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የቢሮ ጸሐፊው በእንግሊዝ ከጨለማ፣ ከ«ዳርክ» ጋር ቤት ይመታል፣ በአሜሪካ ከሥራ፣ ከ«ወርክ» ጋር። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የምንሰማው እንግሊዝኛ የሁለቱ ድብልቅ ስለሆነ በጆሮ ትውስታ ብቻ መተማመን ያሳስታል።

ጭራውን በፊደላችን መጻፍ ያጓጓል፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥም እያደረግነው ነው፤ ግን ወጥመዱን ማወቅ ያስፈልጋል። «ፉል» ብለን ስንጽፍ ሙሉ፣ ሞኝ እና ጠዋት በዳቦ የሚበላው ሦስቱም አንድ ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ሙሉ የሚለው አናባቢው አጭርና ላላ ያለ ስለሆነ ከ«ፑል»፣ መሳብ፣ ጋር ነው የሚሄደው፤ ሞኝ የሚለው ረጅም ስለሆነ ከ«ስኩል» ጋር። መርከብና በግም በእኛ ፊደል ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ረጅሙን አናባቢ ከሥሩ ያስምሩበት። ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ ለሚባለው ድምፅ ደግሞ ከ«ስ» ወይም ከ«ዝ» ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ ያለ ነጥቡ «ወር»ን «መንዝ» ብሎ የጻፈ ሰው ሰሜን ሸዋ ገብቶ ቁጭ ይላል።

የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ቢሆን አይታመንም። «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» በሚሉ 4 ፊደላት ከሚያልቁት ውስጥ «ታፍ» ጠንካራ ነው፣ «ኮፍ» ሳል፣ «ባው» የዛፍ ቅርንጫፍ፣ «ዞው» ቢሆንም። አራቱም እርስ በርስ ቤት አይመቱም።

ጭራውን መቁረጥ፣ ፊቱን መሙላት

ጭራ ማለት ጫና ካለበት አናባቢ ጀምሮ እስከ መጨረሻ ያለው ድምፅ ነው። አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱን፣ ብርን፣ «ሲልቨር»ን እንውሰድ። ጫናው «ሲ» ላይ ነው። «ስ»ን ቆርጠው ሲጥሉ የሚቀረው «-ኢልቨር» ነው። ይህን ሁለተኛው ዓምድ ላይ ይጻፉ።

አሁን ፊቱን በተራ መሙላት ነው። እንግሊዝኛ 24 ተነባቢ ድምፆች አሉት፤ ከእነሱ 22ቱ የቃል መነሻ ይሆናሉ። «ሲንግ» መጨረሻ ላይ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ቃል አይጀምርም፤ «ዥ»ም ከውጭ ከመጡ ጥቂት ቃላት በቀር አይጀምርም። ስለዚህ መጀመሪያ ጭራውን ባዶውን ይበሉት፣ ቀጥሎ በ22ቱ፦ ቢልቨር፣ ቺልቨር፣ ዲልቨር፣ ፊልቨር፣ ጊልቨር እያሉ ድምፅ አውጥተው ይሂዱ። ከዚያ ጥንዶቹ ይመጣሉ፦ ብል፣ ብር፣ ድር፣ ፍል፣ ፍር፣ ግል፣ ግር፣ ክል፣ ክር፣ ክው፣ ፕል፣ ፕር፣ ስክ፣ ስል፣ ስም፣ ስን፣ ስፕ፣ ስት፣ ስው፣ ትር፣ ትው፣ ሽር፣ እንዲሁም ባለነጥቡ ስር። በመጨረሻ ሦስት ሦስት የሆኑት፦ ስፕል፣ ስፕር፣ ስትር፣ ስክር፣ ስክው። በሙሉ ሃምሳ ገደማ ሙከራ ነው፤ ከተለመደ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ቃል የሚመስል ሁሉ ይጻፋል፣ የሚታወቅም ይሁን የማይታወቅ። ቀጥሎ እያንዳንዱ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈለጋል። ከ«-ኢልቨር» ዝርዝር ሁሉም ይወድቅና «ቺልቨር» ይተርፋል፦ በእንግሊዝ የገጠር አነጋገር ሴት የበግ ግልገል። ብር ጓደኛ የለውም ሲባል የሰማ ሰው ይህን ደረጃ ያልሞከረ ሰው ነው የነገረው።

ይህን በእጅ መሥራቱ ለምን አስፈለገ ለሚል፦ ማሽን የሚያውቀው ዝርዝሩ ውስጥ የገባለትን ብቻ ነው፤ የጠፉና የገጠር ቃላት ብዙ ጊዜ አይገቡም። በእጅ ሲሞላ ግን ድምፁ ራሱ ይመራል።

ማሽኖቹ

ራይምዞን የሚባለው ቤት የሚመቱ ቃላት ፈላጊ ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ ፍጹም ቤት የሚመቱትን ተቀራራቢ ከሆኑት ለይቶ፣ በክፍለ ቃል ብዛት ደርድሮ ያወጣል። መነሻው የአሜሪካ አነባበብ መሆኑን አይርሱ፤ በእንግሊዞቹ ለሚጽፍ ሰው የሚያቀርበው ሁሉ እንደገና መሰማት አለበት።

ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ በርካታ መዝገበ ቃላትን በአንድ ጊዜ ይፈትሻል። የኮከብ ምልክት አስቀድመው የቃሉን መጨረሻ ፊደላት ቢጽፉለት በእነሱ የሚያልቁትን ሁሉ ያመጣል። ድክመቱ የሚፈልገው በአጻጻፍ እንጂ በድምፅ አለመሆኑ ነው፤ «ፐርፕል» የሚጻፍበትን ጭራ ቢሰጡት «ኸርፕል»ን አያገኝም፣ በመሃሉ ያለው የአናባቢ ፊደል ይለያያልና። ስለዚህ ያው ድምፅ ሊጻፍባቸው የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ናቸው፣ በየተራ መስጠት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የምንመርጠው ግን የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የአነባበብ መዝገብ ነው። ከ134,000 በላይ ቃላትን ይዟል፣ በነፃ ይወርዳል፣ መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሆነ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቤት ኔትወርክ ካስቸገረ በ2014 ዓ.ም. ፓርላማው ፊት ለፊት በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ማውረድ ይቻላል። እያንዳንዱ መስመር ቃሉንና ድምፆቹን ይዟል፤ ድምፆቹ 39 ዓይነት ናቸው። ከየአናባቢው ጎን ቁጥር አለ፦ 1 ዋና ጫና፣ 2 ሁለተኛ ጫና፣ 0 ጫና የሌለው። ፋይሉን ከፍተው የራስዎን ቃል ያግኙ፤ 1 ቁጥር ካለበት አናባቢ እስከ መስመሩ ጫፍ ይቅዱ፤ የቀዱትን የፍለጋው ሳጥን ውስጥ ለጥፈው «ቀጣይ» እያሉ ይሂዱ። የሚቆምበት ቃል ሁሉ፣ የቀዱት የሚያልቀው መስመሩ ጫፍ ላይ ከሆነና ከፊቱ ያለው ተነባቢ ከተለየ፣ ፍጹም ቤት ይመታል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ መዝገቡ በአሜሪካ የቤተሰብ ስሞች የተሞላ ስለሆነ ግማሹ ውጤት ትርጉም የሌለው ስም ሊሆን ይችላል።

ጓደኛ የለውም የተባለ ሁሉ

ብርቱካን፣ «ኦረንጅ»፣ ከሁሉ ስመ ጥር ነው። በዌልስ፣ አበርጋቬኒ ከተማ አጠገብ 561 ሜትር ከፍታ ያለው «ብሎረንጅ» የሚባል ኮረብታ አለ። «ጎሪንጅ» የሚባል የቤተሰብ ስምም አለ፤ ከእስክንድርያ የግብፅን ሐውልት አጓጉዞ እ.ኤ.አ. በ1881 ኒው ዮርክ ላይ ያቆመው የባሕር ኃይል መኮንን ሄንሪ ጎሪንጅ ነበር። ስለ አክሱም ሐውልት መመለስ የሚገጥም ሰው ካለ እንግዲህ ጥሩ ማጣቀሻ ነው። ዝርዝሮች ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው «ስፖረንጅ»፣ የፈርን ተክል ዘር መያዣ ከረጢት፣ አስተማማኝ አይደለም፤ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ የሚጫኑት መዝገበ ቃላት አሉ፣ በእነሱ ከሄዱ ቤቱ ይፈርሳል።

ሐምራዊ፣ «ፐርፕል»፣ ሁለት አለው፤ ሁለቱም የስኮትላንድ ናቸው። «ኸርፕል» እያነከሱ መሄድ ነው። «ከርፕል» ደግሞ የፈረስ ዳሌ፣ ሲቀጥልም የሰው መቀመጫ ነው። ሮበርት በርንስ ከሐምራዊ ጋር ገጥሞበታል፤ ግን እሱ ሲቀልድ ነበር። የእጮኛውን ሐምራዊ ቀሚስ ለማሞገስ የተነሣ ሰው ይህን ቃል ካስገባ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ትርጉም ማጣራት እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ለእያንዳንዱ ብርቅ ቃል 3 ነገር ይመዝግቡ፦ ስም ነው ወይስ ግስ፣ «የጠፋ» ወይም «የአካባቢ አነጋገር» የሚል ምልክት አለበት ወይ፣ እና ቢያንስ ሁለት ሰዎች የተጠቀሙበት ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው ላይ ምልክት ካለበት አንባቢው አያውቀውምና ከፊቱ ባለው ስንኝ ፍንጭ መስጠት ያስፈልጋል። «ቺልቨር» ከመምጣቷ በፊት መንጋ፣ እረኛ ወይም እናት በግ ካልታዩ ማንም አይረዳትም።

ፍጹሙ ሲጠፋ

አንደኛው መንገድ ከሁለት ወይም ከሦስት ትንንሽ ቃላት አንድ ጭራ መስፋት ነው። «ሴረንዲፒቲ» ሳይፈልጉት የሚያጋጥም መልካም ነገር ነው፤ ሆረስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1754 ከስሪላንካ የድሮ ስም፣ ከሴረንዲፕ የፈጠረው። ጫናው «ዲ» ላይ ስለሆነ ጭራው «-ኢፒቲ» ነው። አንድ ጉንጭ ሻይ፣ «ሲፕ ኦፍ ቲ»፣ በፍጥነት ሲባል የ«ኦፍ» መጨረሻ ይዋጥና «ሲፐቲ» ይሆናል፣ ይገጥማል። ሻዩ ላይ ብዙ ከተጫኑ ግን ይፈርሳል። «ሪዝም»፣ ምት፣ ደግሞ «ዊዝ ኤም»፣ ከእነሱ ጋር፣ ሲባል ያለ ምንም ጭንቀት ይመታል። ደንቡ አንድ ነው፦ ጫናው የመጀመሪያው ቃል ላይ ይረፍ፣ የሚከተሉት ቀላልና አጫጭር ይሁኑ። እንዲህ ያለ ስፌት የጨዋታ ድምፅ አለው፤ ለራፕና ለቀልድ ይስማማል፣ ለኀዘን አይሆንም።

ሁለተኛው በሁለተኛ ጫና መመታት ነው። «ፔትሪኮር» ደረቅ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ነው፤ ከተማችን ክረምቱ ሲገባ በደንብ ታውቀዋለች። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1964 የፈጠሩት አውስትራሊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ ናቸው፤ ከግሪክኛው የድንጋይና የአማልክት ደም ስም አጋጥመው። ጫናው «ፔ» ላይ ስለሆነ ሙሉው ጭራ «-ኤትሪኮር» ነው፣ ለእሱ ደግሞ ጓደኛ አይገኝም። ነገር ግን ሦስተኛው ክፍለ ቃል ስንኝ ውስጥ ቀላል ምት ይቀበላል፤ «ኮር» ከ«ፖር»፣ ከሚንቆረቆር ዝናብ፣ ወይም ከ«ሮር»፣ ከሚያገሳው ነጎድጓድ ጋር ይመታል። እምብርት የሚለውን «ኮር» አይጠቀሙ፤ «ክ» ከ«ክ» ጋር ስለሚገናኝ ያው የ«ሊቭ» ስህተት ነው። መጨረሻውን ለማጉላት ሲባል «ፔትሪ-ኮር» ብሎ ኋላውን መጫንም አያስፈልግም፤ ምቱን የስንኙ አካሄድ ራሱ ያመጣዋል።

ሦስተኛው ቃሉን ማርባት ነው። ወር በነጠላ ፍጹም ጓደኛ የለውም። በብዙ ቁጥር ግን በተለመደው ንግግር መሃሉ ይሸረፍና «ማንትስ» ወደሚል ድምፅ ይጠጋል፤ ያኔ «ሃንትስ»፣ ያድናል፣ እና «ስታንትስ»፣ የድፍረት ትርኢቶች፣ ይቀበሉታል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ መቀራረብ ይቀራል። አናባቢውን ጠብቆ ተነባቢውን መልቀቅ ከተገላቢጦሹ ይሻላል፤ ተኩላን፣ «ዉልፍ»ን፣ ከ«ቡል»፣ ከኮርማ ጋር ቢያስቀምጡ ያልፋል፣ ከባሕረ ሰላጤው «ገልፍ» ጋር ግን በወረቀት ላይ እንጂ በጆሮ አይገናኝም። ተነባቢ ሲለቁም ከቤተሰቡ አይውጡ፦ ፕ፣ ት፣ ክ አንድ ቤት ናቸው፤ ብ፣ ድ፣ ግ ሌላ፤ ም እና ን ሌላ።

ማስቀመጥና መፈተሽ

ብርቁን ቃል በመጀመሪያው ስንኝ፣ የተለመደውን በሁለተኛው ያድርጉ። ሰሚው መጀመሪያ እንግዳውን ሰምቶ ይገረማል፣ ቀጥሎ የሚያውቀው ቃል ሲመጣ ቤቱ በቀላሉ ይዘጋል። ተገላብጦ ከተቀመጠ እንግዳው ቃል ለቤት ሲባል ተጎትቶ እንደመጣ ያስታውቃል።

ስንኞቹን በስልክ ቀድተው ሳያነቡ ያዳምጡ፤ ዓይን ያየው አጻጻፍ ጆሮን ያታልላልና በዚያው ቀን አይፍረዱ፣ በማግሥቱ ይመለሱበት። ከዚያ እንግሊዝኛ በደንብ ለሚሰማ ሰው የመጀመሪያውን ስንኝ ሙሉውን፣ ሁለተኛውን ከመጨረሻው ቃል በፊት ቆም ብለው ያንብቡለት። ቃሉን ወይም በዚያው ጭራ የሚያልቅ ሌላ ቃል ከሞላ ቤቱ ተመትቷል። ካልሞላ ሌላ ሁለት ሰው ላይ ይሞክሩት፤ ሦስተኛውም ዝም ካለ እንግዳውን ቃል ወደ ስንኙ መሃል አስገብተው መጨረሻውን ለሌላ ቃል ይልቀቁ።